ኬሊ ሚለርን ከጆንስ ሆፕኪንስ ያስወጣው ምን ነበር? የባቡር አክሲዮን፣ የትምህርት ክፍያና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተማሪዎች

ዝክረ ትምህርት (ውይይቱን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በማን ገንዘብ ይማር እንደነበር መወያየት እፈልጋለሁ። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ሰው ታሪክ በኩል ልግባበት። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኬሊ ሚለር በ1863 በደቡብ ካሮላይና፣ ዊንስቦሮ በምትባል ከተማ ተወለደ። በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በፌዴራሉ የጡረታ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራ ነበር፤ ከደመወዙ ቆጥቦም ለወላጆቹ እርሻ ገዝቶላቸዋል። በ1886 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ በባሕር ኃይሉ የከዋክብት መመልከቻ ይሠራ ከነበረው ከኤድጋር ፍሪስቢ ከፍተኛ ሒሳብ ተማረ፤ ስመ ጥሩው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሳይመን ኒውኮምም ለጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ለዳንኤል ኮይት ጊልማን ስለ እርሱ መሰከረለት። በ1887 ተቀበሉት፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ሁለት ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ሥነ ፈለክ ተማረ። በ1889 ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን በ25 በመቶ ሲጨምር ግን መክፈል አቃተውና ዲግሪውን ሳይዝ ወጣ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ተነግሮ ይታለፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ክፍያው ለምን በዚያ ዓመት ተጨመረ የሚለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሚለር ሕይወት ውጭ፣ ሚለር ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ በተነበበ ኑዛዜ ውስጥ ይገኛል። በታኅሣሥ 1873 የሞተው የባልቲሞር ነጋዴ ጆንስ ሆፕኪንስ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል እኩል አካፍሎ አወረሰ። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ አብዛኛው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ አክሲዮን ነበር። ሟቹ አክሲዮኑ እንዳይሸጥ በኑዛዜው መከረ፤ ሕንፃም ከዋናው ሀብት ሳይሆን ከዓመታዊ ገቢው እንዲሠራ አሳሰበ። ባለአደራዎቹም ቃሉን አከበሩ። በ1888 ባቡሩ የትርፍ ድርሻ መክፈል አቆመ፤ በቀጣዩ ዓመት የተማሪው ክፍያ ጨመረ።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የዩኒቨርሲቲው ሀብት በምን መልክ እንደተቀመጠ ከሀብቱ መጠን ባላነሰ የተማሪውን ዕድል ይወስን እንደነበር ነው። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

---

ሒሳብ መርማሪ

ወንድሜ ዝክረ ትምህርት፣ ከሙያዬ አንጻር ቁጥሩን ልተንትነው። ዩኒቨርሲቲው የወረሰው የባቡር አክሲዮን 15,000 ያህል ሲሆን የአንዱ የጽሑፍ ዋጋ 100 ዶላር ነበር። ኩባንያው 10 በመቶ በከፈለባቸው ደግ ዓመታት ከዚህ ብቻ 150,000 ዶላር በየዓመቱ ይገባ ነበር ማለት ነው፤ ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ድርጅት ገቢ ከአንድ ምንጭ ብቻ ሲፈስ ምንጩ የደረቀ ቀን የሚቀረው የቁጠባ ሣጥኑ ነው፤ ሆፕኪንስ ደግሞ ወጪውን በገቢው ልክ ያዋለ ስለነበር በቂ ሣጥን አልነበረውም። ጊልማን የባልቲሞርን ባለጸጎች ለምኖ ከ100,000 ዶላር በላይ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ አሰባስቧል። ፕሮፌሰሮቹ ደመወዛቸውን እያገኙ ማስተማራቸውን የቀጠሉት በዚያ ልመና ጭምር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ኑዛዜውን ሞኝነት ብለን እንዳንፈርድበት እፈራለሁ። ኑዛዜው በተጻፈበት ዘመን የባልቲሞርና ኦሃዮ አክሲዮን ብዙዎች የሚያምኑት ሀብት ነበር፤ ሟቹም ከኩባንያው ትልልቅ ባለድርሻዎች አንዱ ስለነበር ጉዳዩን ከውስጥ ያውቀዋል። ደግሞም ገንዘቡን በሕንፃ ላይ አታፍስሱ ማለቱ ዩኒቨርሲቲውን የጠቀመ ምክር ነው፤ በዚያ ምክንያት የመጀመሪያው ገንዘብ በድንጋይ ፋንታ በሰው ላይ ዋለ።

---

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

የሒሳብ መርማሪን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ይዤ ልቀጥል፤ ባልቲሞር ለእኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ስለሆነች የድሮውን ሠፈር በእግሬ ዞሬ አይቼዋለሁ። ዛሬ የምናውቀው ሰፊ ግቢ ያኔ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው በየካቲት 22 ቀን 1876 በይፋ ሲመረቅ ንብረቱ በከተማው መካከል፣ በሐዋርድ ጎዳና ላይ ያሉ ቀድሞ ለማደሪያ የሚከራዩ ቤቶች ነበሩ። ለመጻሕፍት ተማሪዎቹ በቅርብ ወደሚገኘው የፒቦዲ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሄዱ ነበር። የተማሪ ማደሪያ የሚባል ነገር ስላልነበር እያንዳንዱ በከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ከአከራይዋ ማዕድ እየበላ ይኖራል።

በአንጻሩ ጊልማን ገና ከመጀመሪያው ለ20 ወጣት ምሁራን ለእያንዳንዳቸው በዓመት 500 ዶላር የሚከፍል ፌሎውሺፕ አቋቋመ። ፌሎው የሆነው ሰው የራሱን ምርምር እንዲሠራ ይከፈለዋል እንጂ እንደ አስተማሪ አይቆጠርም። በአሜሪካ ይህን ያህል በስፋትና በግልጽ የተደረገ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ከፍተኛ ጥናት የፈለገ አሜሪካዊ መርከብ ተሳፍሮ ወደ ጀርመን ይሄድ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ፌሎዎች አንዱ በኋላ ታላቅ ፈላስፋ የሆነው ጆሳያ ሮይስ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር ደግሞ በዓመት 5,000 ዶላር፣ ያውም በወርቅ ካልተከፈለኝ አልመጣም አለ፤ ተከፈለው። የአንዱ ሊቅ ደመወዝ የአሥር ፌሎዎችን ድጎማ ያክል ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ብክነት አላየውም፤ ተማሪዎቹ የመጡት ሲልቬስተርን ፍለጋ ነበርና።

---

እታለም ዘሸዋ

ውድ ወንድሞቼ፣ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ ወንዶች ነው፤ ይህም ዘመኑ ስለነበረ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ይሁን እንጂ የሆፕኪንስ የገንዘብ ችግር ለሴቶች በር የከፈተበትን መንገድ ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ሲልቬስተር ራሱ ደግፎ ያስገባት ክሪስቲን ላድ የምትባል የሒሳብ ተማሪ ነበረች። ከ1879 ጀምሮ የፌሎው ድጎማ ተሰጣት፤ የፌሎው ማዕረግ ግን አልተሰጣትም። በ1882 የዶክትሬት ሥራዋን ብትጨርስም ሴት በመሆንዋ ብቻ ዲግሪውን ከለከሏት። ኬሪ ቶማስም፣ አባቷ የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ ሆኖ ሳለ፣ ከወንዶች ጋር ክፍል እንዳትገባ ስለተከለከለች ትታ ሄዳ ዶክትሬቷን በ1882 በዙሪክ ተቀበለች።

ከዚያ ባቡሩ ከሰረ። ሆስፒታሉ በ1889 ተከፈተ፤ አብሮት ሊከፈት የታሰበው የሕክምና ትምህርት ቤት ግን ገንዘብ አጣ። ይህች ኬሪ ቶማስ፣ ሜሪ ኤልዛቤት ጋሬትና ሌሎች የባለአደራ ልጆች በየከተማው የሴቶች ኮሚቴ አቋቁመው 100,000 ዶላር ሰበሰቡና አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ሴቶች በወንዶች መለኪያ፣ በእኩልነት ይግቡ። ባለአደራዎቹ ትምህርት ቤቱን ለመክፈት 500,000 ዶላር ያስፈልጋል አሉ። በ1892 መጨረሻ ሜሪ ጋሬት ከራሷ ከ300,000 ዶላር በላይ ጨምራ ሞላችው። መግቢያውም ጠበቀ፤ አስቀድሞ ዲግሪ የያዘ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሚያነብ ሰው ብቻ ይግባ ተባለ። በ1893 የሕክምና ትምህርት ቤቱ በ18 ተማሪዎች ሲከፈት ሦስቱ ሴቶች ነበሩ።

ሜሪ ጋሬት የማን ልጅ እንደነበረች ታውቃላችሁ? የዚያው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ፕሬዚዳንት የነበረው የጆን ጋሬት ልጅ ነበረች። የአባትየው ባቡር ያጎደለውን ልጅቱ ከውርሷ ሞላች፤ የሞላችውም እኩልነትን አስገድዳ ነው። ስለዚህ ዝክረ ትምህርት ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን ገንዘብ ማጣት ሁልጊዜ በር አይዘጋም፤ ሰጪው ማን እንደሆነና ምን እንደሚጠይቅ ይወስነዋል።

---

መምህር ከጎንደር

እኅቴ እታለም በጣም አስተማሩኝ፤ አመሰግናለሁ። እኔ የምጠይቀው ስለ መንግሥት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበር? ዩኒቨርሲቲ በባለጸጎች ኑዛዜ ብቻ ሊቆም ይችላል ወይ?

---

ሒሳብ መርማሪ

መምህር፣ መንግሥት ነበረ፤ የሰጠው ግን ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ መሬት ነበር። በ1862 በወጣው የሞሪል ሕግ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በምክር ቤቶቹ ባለው እንደራሴ ቁጥር ልክ፣ ለአንዱ 30,000 ኤከር ተሰጠው። በግዛቱ ውስጥ የፌዴራል መሬት የሌለው ሌላ ቦታ መሬት መያዝ የሚያስችል የመሬት ሰነድ ተሰጠው። አብዛኞቹ ግዛቶች ሰነዱን ቶሎ ቶሎ ስለሸጡት ዋጋው ወደቀ።

ከዚህ የተለየው የኒውዮርኩ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኒውዮርክ ወደ 990,000 ኤከር የሚያህል ሰነድ ደረሳት። የቴሌግራፍ ነጋዴው ኢዝራ ኮርኔል ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ 500,000 ዶላር ከመስጠቱም በላይ ሰነዱን ራሱ ገዝቶ በዊስኮንሲን የጥድ ደን ያለበትን መሬት አስመረጠ፤ እርሱ ከሞተ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ግብሩን እየከፈለ መሬቱን ያዘና ዋጋው ሲጨምር ሸጠው። በመጨረሻ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል አተረፈ። ከየምክር ቤት ወረዳው አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 128 ተማሪዎችም በነፃ እንዲማሩ በሕግ ተደንግጎ ነበር።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ሆፕኪንስ አክሲዮኑን አለመሸጡ ጎዳው፤ ኮርኔል መሬቱን አለመሸጡ አበለጸገው። ስለዚህ ችግሩ መያዙ ላይ አይደለም። ልዩነቱ፣ ኮርኔል እስኪሸጥ ድረስ የዕለት ወጪውን ከዚያ ሀብት አለመጠበቁ ላይ ነው።

---

ቤይ ኤሪያ ያለሁት

እኔ ከሳን ሆዜ ነው የምጽፈው። የስታንፎርድ ነገር ከሆፕኪንስ የባሰ ስለነበር ልጨምረው። የባቡር ባለሀብቱ ሊላንድ ስታንፎርድና ሚስቱ ጄን አንድ ልጃቸው በ1884 ከሞተባቸው በኋላ ዩኒቨርሲቲውን በስሙ አቋቋሙ፤ በጥቅምት 1891 ተከፈተ፤ የትምህርት ክፍያ አልነበረውም። ባልየው በሰኔ 1893 ሲሞት ሀብቱ ሁሉ በፍርድ ቤት እጅ ገባ። ዓመቱ ደግሞ በመላ አሜሪካ ባንኮች የወደቁበት ነበር። ከዚያ የፌዴራሉ መንግሥት ለባቡር ካበደረው ገንዘብ የስታንፎርድን ድርሻ እጠይቃለሁ ብሎ 15 ሚሊዮን ዶላር ይገባኛል አለ።

ጄን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲውን እንድትዘጋ ብዙ ሰው መክሯት ነበር፤ አልዘጋችም። ዳኛው ለቤተሰቧ መተዳደሪያ በየወሩ 10,000 ዶላር ፈቀደላት፤ ፕሮፌሰሮቹም እንደ ቤቷ ሠራተኞች ተቆጥረው ደመወዛቸው ከዚያ ተከፈለ። የራሷን የቤት ወጪ ቆረጠች። በ1897 ጌጣጌጧን ይዛ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ሰሞን ለመሸጥ ለንደን ድረስ ሄደች፤ የፈለገችውን ዋጋ ግን አላገኘችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ለስታንፎርድ ወገን ስለፈረደ ዩኒቨርሲቲው ተረፈ። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በነፃ የተማረ አንድ ድኻ ወጣት ነበር፤ ኸርበርት ሁቨር ይባላል፤ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ሲሆን እየሠራ ተምሮ በ1895 ተመረቀ፤ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ መራራ ነገር አለ። ይህችው ሴት በ1900 ሐሳቡ ያላስደሰታትን ኤድዋርድ ሮስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ከሥራ እንዲወጣ አደረገች። ዩኒቨርሲቲን ከሞት ያዳነ እጅ በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውንም መቆጣጠር ፈለገ። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር ግዴታ ይመስለኛል።

---

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ወደ ሚለር ልመለስ፤ ዝክረ ትምህርትን በአክብሮት እቃወማለሁ። ሚለርን ያስወጣው የባቡር አክሲዮን ነው ካልን ዘረኝነትን ከደሙ ንጹሕ እንዳናደርገው እፈራለሁ። ክፍያው ለነጩም ለጥቁሩም እኩል ጨመረ፤ ነገር ግን ነጩ ተማሪ የሚበደረው አጎት፣ የሚያስተምርበት ኮሌጅ፣ የሚጽፍለት ጋዜጣ ነበረው። ከሚለር በኋላም ሆፕኪንስ ለመጀመሪያ ዲግሪ አንድ ጥቁር ተማሪ እስኪቀበል 1945 ደርሷል። ይህን ያህል ዘመን ሙሉ የባቡር አክሲዮን አልወደቀም።

---

ዝክረ ትምህርት

ተቃውሞዎን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ አጻጻፌ ወደዚያ ያዘነበለ ከሆነ ይቅርታ። የተነሣሁበት ሐሳብ ግን ከእርስዎ ጋር የሚጣላ አይመስለኝም። ገንዘቡ ሲጎድል ጉድለቱ የሚያርፈው ሌላ መደገፊያ በሌለው ላይ ነው፤ መደገፊያ ያሳጣው ደግሞ ዘረኝነቱ ነው። ይህን የሚያጠናክር ሌላ ታሪክ አለ፤ ስለ ጊልማንም ብዙ የሚናገር ነው።

ጆን ስሌተር የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ በ1882 ነፃ ለወጡ ጥቁሮችና ለልጆቻቸው ትምህርት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። የፈንዱ ሰብሳቢ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ነበሩ። ሄይስ በ1890 በባልቲሞር ባደረጉት ንግግር፣ ብቁ ጥቁር ወጣት ቢገኝ ወደ አውሮፓ ልከን እናስተምረው ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ያኔ በሐርቫርድ ይማር የነበረው ዊሊያም ዱ ቦይስ ይህን አንብቦ እኔ አለሁ ብሎ ጻፈ። መጀመሪያ አልተቀበሉትም። ደግሞ ጻፈ፤ የፕሮፌሰሮቹን ምስክርነት አከታትሎ ላከ። በመጨረሻ በ1892 ለአንድ ዓመት 750 ዶላር ፈቀዱለት፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ነበር። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ከጉስታፍ ሽሞለር ዘንድ ተማረ፤ ለሁለተኛ ዓመትም ታደሰለት። የበርሊን ዶክትሬት ለመቀበል የቀረው የጊዜ ገደቡን መሙላት ነበር፤ ለዚያ ሌላ ድጎማ ጠየቀ። በ1894 ፈንዱ ከለከለው፤ ዱ ቦይስም ወደ ሐርቫርድ ተመልሶ ዶክትሬቱን በ1895 ከዚያ ተቀበለ።

ሄይስ በ1893 መጀመሪያ ሞተው ስለነበር የክልከላውን ደብዳቤ የጻፈው አዲሱ የስሌተር ፈንድ ፕሬዚዳንት ነው፤ እርሱም ዳንኤል ኮይት ጊልማን ነበር። ሚለርን በ1887 የተቀበለው ሰው በ1894 ለዱ ቦይስ ገንዘብ የለም ያለ ሰው ነው።

---

ሒሳብ መርማሪ

ይህን አላውቅም ነበር። ሆኖም ጊልማንን በሁለቱም ቦታ ጥፋተኛ ማድረግ ይከብደኛል። ሚለርን ሲቀበል በሜሪላንድ ያለው ስሜት ምን እንደነበር እናውቃለን፤ እምቢ ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። በስሌተር ፈንድ ጊዜም ውሳኔው የቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ገንዘቡን ወደ እጅ ሥራ ትምህርት ማዞር ይመርጥ ነበር።

---

ዝክረ ትምህርት

እስማማለሁ፤ ክፉ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም። ለሁለት ዓመት በር የሚከፍት፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ቁልፉን የማይዝ ሰው ነበር እላለሁ። ለተማሪው ደግሞ ሦስተኛው ዓመት ከሁለቱ ይበልጣል፤ የዶክትሬት ጥናት ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

---

መምህር ከጎንደር

በዚያ ዘመን እንዲህ በሌላ ሰው ገንዘብ ላይ ተንጠልጥሎ የተማረ የእኛ ሰው አልነበረም ወይ ብዬ ሳስብ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ትዝ አሉኝ። በ1868 በመቅደላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ገብተው ወደ ሕንድ ተወሰዱ። የመጀመሪያው አሳዳጊያቸው መኮንን ሲሞት የትምህርታቸውን ወጪ ሌላ መኮንን፣ ኮሎኔል ማርቲን፣ ሸፈነላቸው፤ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 ተመረቁ። ቻርልስ ማርቲን መባላቸውም ከሁለቱ መኮንኖች ስም ነው። ለእርሳቸው ሁለተኛ ከፋይ ተገኘላቸው፤ ለሚለር አልተገኘም።

እግረ መንገዴን ልጠይቅ፤ ሚለር ከባልቲሞር ከወጣ በኋላ ወዴት ሄደ? ሒሳቡንስ ቀጠለ?

---

ዝክረ ትምህርት

መምህር፣ ምሳሌው በትክክል ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ።

ሚለር ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ በኋላ በኤም ጎዳና ስም በተጠራው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ አስተማረ፤ በ1890 በተማረበት በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። ሐዋርድ ከ1879 ጀምሮ ከፌዴራሉ ምክር ቤት የዓመት በጀት ያገኝ ስለነበር ደመወዙ በአንድ ባቡር ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። በ1895 የሶሲዮሎጂ ትምህርትን በዚያ አስጀመረ፤ በኋላም ከ1907 እስከ 1919 የኪነ ጥበብና ሳይንስ ኮሌጅ ዲን ሆኖ ሲሠራ፣ በደቡብ ግዛቶች እየዞረ ወጣቶችን ወደ ሐዋርድ ይጠራ ነበር።

ሒሳቡንም ቀጠለ። ክሪስቲን ላድ የሠራችበት ዲግሪ ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ በ78 ዓመቷ ከሆፕኪንስ ተሰጣት። ሚለር ከሆፕኪንስ አልጠበቀም፤ የሒሳብ ማስተርሱን በ1901 የወሰደው ራሱ ከሚያስተምርበት ከሐዋርድ ነው፤ ከባልቲሞር ከወጣ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።